በስቱኮ የቆመ ቤት

ሰው በሌላ እጅ ቢወድቅ አንድ ነገር ነው፤ እኔ የወደቅሁት በገዛ እጄ ነው። ቀለም ቀቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ግድግዳ ሳሳምር ኖሬያለሁ፣ ሙያዬንም የሚነቅፍ የለም። አይ ሙያ! እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።

የእናቴን መኝታ ክፍልና የእኔን የሚለየው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከሥሩ መሬቱ እየሰጠመ ስለሆነ በየዓመቱ ይሰፋል። ታላቅ ወንድሜ ጋሼና ታላቅ እህቴ እትዬ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ በዓመት አንዴ ሊጠይቋት ይመጣሉ። ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው እማዬ ትጠራኛለች። «ልጆቼ ይህን አይተው እንዳይሳቀቁ፣ እስኪ አንድ ነገር አድርገው» ትለኛለች። እኔም ስንጥቁን በስቱኮ እሞላለሁ፣ አለሰልሳለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም እደርብበታለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ጋሼ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ «የድሮ ቤት እኮ እንዲህ ነው፣ አለት!» ይላል። እኔ ሞኙ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ባለቤቴ አረገዘች። በሰባተኛ ወሯ አንድ ጠዋት ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች፤ ሙሉ በሙሉ ገባ። ልብሷን ሸክፋ እናቷ ቤት ሄደች። በማግስቱ ደወለች።

«ልጄን እዚያ ግድግዳ ሥር አላስተኛም። ቤቱ ፈርሶ ይሠራ፤ አለዚያ አትጠብቀኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ? እማዬ ያለ እኔ ከአልጋዋ መነሳት አትችልም፤ ጥያት የት እሄዳለሁ? ቤቱም ከአባታችን የወረስነው የሦስታችን ነው፤ ያለ ሦስታችን ፈቃድ አንዲት ድንጋይ አትነሳም። ስለዚህ ወንድምና እህቴን ለምክር ጠራኋቸው። ሊመጡ ሳምንት ሲቀር እማዬ እንደ ልማዷ ጠራችኝ። ዘንድሮስ አልሞላም ማለት ነበረብኝ። እሷ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ሞላሁት። ያውም አሳምሬ።

ጋሼ መምህር ነው፤ ሲናገር ሁላችንንም ተማሪ ያደርገናል። እማዬ አጠገብ ተቀምጦ አዳመጠኝና ሳቀ።

«ማፍረስ? ምን ቆርጦህ! ይህ ቤት የሚፈልገው ቀለም ብቻ ነው።»

እትዬ ደግሞ ወለሉ ሴራሚክ ቢነጠፍለት፣ ጣሪያው ቢለወጥ ይበቃዋል አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «ሚስትህ አዲስ ቤት አምሯት ነው አይደል?» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

የስቱኮ መፋቂያዬን አመጣሁና ግድግዳውን ፋቅሁት። የዘጠኝ ዓመት ልፋቴ በድርብርቡ ተገመሰ። ወንድሜና እህቴ እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጠው በስንጥቁ ወዲያ ማዶ የእኔን አልጋ አዩት።

«ኧረ ጉድ!» አለች እትዬ።

«ዘጠኝ ዓመት ስትሸነግለን ኖረሃላ! አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ አሉ» አለ ጋሼ። ተሳድቦ ሲወጣለት ግን «በቃ፣ ይፈርሳል። ሌላ ምርጫ የለም» አለ። እትዬም ራሷን ነቀነቀች። እፎይ አልኩ። ስድቡ እንኳ ጣፈጠኝ።

«እኔስ?» አለች እማዬ።

ሁላችንም ዞርን። እትዬ «እኔ ጋ ትመጫለሻ» አለቻት።

«የትም አልሄድ። ስንጥቁን ከእናንተ በፊት አውቀዋለሁ። እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው። ከእኔ በኋላ እንደ ፍጥርጥራችሁ» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ደግሞ ብዙ አላቆያችሁም» አለች።

እትዬ አልቅሳ አቀፈቻት። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እኔን ሳያይ «እንግዲህ ለጊዜው ቀለም ይቀባ» አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወደየቤታቸው ሄዱ። እነሱ ቤት አላቸው።

ስቱኮ በጥብጬ ስንጥቁን በእኔ ክፍል በኩል መሙላት ስጀምር ባለቤቴ ደወለች።

«ምን ወሰናችሁ?»

«ይፈርሳል» አልኳት። ውሸት አይደለም።

«ተመስገን! ተመስገን! መቼ?»

እናቴን እወዳታለሁ፤ ማንም በዚህ አይማኝ። ነገር ግን እዚያው ቆሜ፣ ዘንድሮ ስንት ዓመት ሞላት ብዬ በሆዴ ሳሰላ ራሴን አገኘሁት። ሰባ ስምንት። እናቷ በዘጠና አራት ነው የሞተችው። ራሴን ጠላሁት፤ ስሌቱ ግን አላቆመም።

«መቼ እኮ ነው የምልህ? ልጁ ሊወለድ ነው!»

ከስንጥቁ ማዶ የእማዬ ድምፅ መጣ።

«ምራቴ ናት? እማዬ ደህና ናት፣ በርትታለች በላት!»

«እማዬ ደህና ናት» አልኳት ለባለቤቴ። «በርትታለች።»