ከማሉዲን ሲያስብ

ሌላው ሰው ሳያስብ ያጠፋል፤ የእኔ ባል ግን አስቦ ነው የሚያጠፋው። ከማሉዲን ቆሞ ሲነግድ፣ ጨርቅ ሲለካ፣ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ይሳሳታል፣ ይስቃል፣ ይረሳል። በረንዳው ላይ ያቺን የፕላስቲክ ወንበሩን ስቦ «እስቲ ላስብበት» ካለ ግን አላህ ይጠብቃችሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ደግ ሆኖ የተነሣበትን ቀን አላስታውስም።

እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ሦስት ክረምት፣ ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር በሚያልብበት ወር፣ ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ ከጅቡቲ እንዲወጣ ታወጀ። እኛ ከድሬዳዋ ከመጣን ቆይተናል፤ ወረቀታችንም የተሟላ ነበር። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ባለው የጨርቅ ሱቃችን ዘጠኝ ዓመት የሠራው ከበበው ግን ምንም አልነበረውም። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ዋስ ሆኖ ከፈረመለት መቆየት ይችላል። ፈቃዱ ደግሞ በባሌ ስም ነው።

ከበበው ሲለምነው ባሌ ድሪያ እያጣጠፈ ነበር። «አንተ ደግሞ! ይሄ ምን ልመና ያስፈልገዋል? እፈርማለሁ» አለው፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ አሁኑኑ ሂዱ» አልኩ እኔ። በቆመበት ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ ነበር።

«ማይሙና፣ ዋስትና ቀልድ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እስቲ ላስብበት» አለኝና ወደ ወንበሩ ሄደ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ባሌ ስለ ከበበው የነበረው ሐሳብ እንደ ሱቃችን መደርደሪያ የተዘበራረቀ ነበር። ከበበው ያረፍዳል፣ ግን ታማኝ ነው። መቀስ ይጥላል፣ ግን በአፋርኛው ደንበኛ ይጠራል። እኛ ያረድነውን አልበላም ብሎ ያስከፋዋል፣ ግን በረመዳን ሱቁን ብቻውን ይዞ ውሎ እኛን ያሳርፈናል። ሁሉም ጎን ለጎን ይኖር ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይገፋም።

የመጀመሪያውን ቀን ሲያስብ ዋለና እራት ላይ «ያረፍዳል እኮ» አለኝ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አርፍዷል፤ ዛሬ ነው የታየህ?»

«እሱን ነው የምልሽ። ዘጠኝ ዓመት! ይሄ ንቀት ነው።»

በማግስቱ የአፋርኛው ተራ ደረሰ። «በገዛ ሱቄ እኔ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራው ለምንድነው? ደንበኞቼን ለራሱ እያለማመደ ነው። ነገ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው።»

«ተማር ብለህ የጨቀጨቅከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ግን እንዴት እንዲህ ቶሎ ለመደው?»

ከዚያ ወደ ታማኝነቱ ዞረ። ይህንን ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። «አስቢው እስቲ፣ ማይሙና። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ክር አልነካም። ይሄ የጤና ነው? ለትልቁ ያደባ ሰው ነው ትንሹን የሚንቀው።»

በእነዚያ ቀናት ከበበው ምንም አላደረገም። አዲስ ወሬ አልሰማንም፣ ነገር ያቀበለንም ሰው የለም። ሁሉም የተሠራው እዚያች ወንበር ላይ ነው። ሳምንቱ ሳይሞላ ከበበው ሲስቅ ሌባ፣ ዝም ሲልም ሌባ ሆነ። አንገቷን ደፍታ የምትሄደው ሚስቱ ሻሼ እንኳ አብራ የምታሴር ሆና ተገኘች። በመጨረሻ ባሌ ታጥቦ እንደተሰጣ ጨርቅ ፊቱ ፈክቶ ተነሣ። «አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ አልፈርምም» አለ። ደደብ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ባሰበ ቁጥር የሚደድብ ግን እሱን ብቻ ነው።

ቀነ ገደቡ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከበበውና ሻሼ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሊመለሱ ተነሡ። ድሬዳዋ ቤት የላቸውም፣ ሥራ የላቸውም፤ ሻሼ ደግሞ ሆዷ ገፍቷል። ልጄን ኢክላስን ይዤ ልሸኛቸው ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ቦታው በሰው፣ በፍራሽና በጀሪካን ተጨናንቋል።

«ተቀየምከው?» አልኩት ከበበውን።

«ተቀይሜያቸዋለሁ፣ እትዬ። ግን ሻሼ ታማ የተኛች ጊዜ ጋሽ ከማል ናቸው አብረውኝ ያደሩት። ደግ ሰው ናቸው። ይሄ የሠሩኝ ደግሞ ክፉ ሥራ ነው።»

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ሊያስታርቃቸው እንኳ አልሞከረም። የዋህነት ሲበዛ ሞኝነት ነው ብዬ ታዘብኩት።

ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየ። ባቡር ሲዘገይ ሰው ምን ያደርጋል? ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ስለ ባሌ አሰብኩ። ከተጋባን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሻይ አፍልቶ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል፤ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ለካ ቶሎ ተነሥቼ ሱቁ ላይ እንዳልደርስበት ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ከእኔ ብሶ አለቀሰ፤ ለካ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር ነው። ኢክላስን እሽኮኮ አድርጎ ባሕር ዳር ሲያዞራትም የልጅ አባት መባል አምሮት ነው። እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም! አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣልኝ። የባቡሩ ፉጨት ሲሰማ፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሠራው ከምለው ደግ ነገር አንድም አልተረፈለትም። ልቤ ቅልል አለኝ።

ሻሼ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ «ከበበው! አንተ ከበበው!» የሚል ጩኸት ሰማን። ባሌ ነው። በሽርጥ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አንዱን ጫማውን የሆነ ቦታ ጥሎ፣ ሰው እየገፈተረ ይሮጣል። ደርሶ የሻሼን ፍራሽ ከባቡሩ ጎትቶ አወረደ።

«ደንበኛችን ሐዲጃ ለልጇ ሠርግ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ...» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ከበበው፣ ያንን አረንጓዴውን አውርድላት ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ሱቁ ጭር አለብኝ። ውረድ፣ አሁኑኑ ሄደን እንፈርማለን!»

«ጋሽ ከማል፣ ሱቁንስ ለማን ትተው መጡ?»

«ለማንም! ክፍቱን ነው!»

ከበበው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሻሼ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ኢክላስ እጄን እየጎተተች «እማዬ፣ መጣ እኮ! አባዬ መጣ!» ትለኛለች።

ባሌ በከበበው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ላቡ ካገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እንደ ሕፃን ይስቃል። ከእኔ አንዲት መልካም ቃል እየጠበቀ ነው።

«ባቡሩ እንደሚዘገይ አውቀህ ነው የመጣኸው» አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ።