መቀመጫው የቡሎን፣ መሪው የግንቡ

«ብልጭታህ ድንበር አልፏል!»

ቡሎን አልሰማም። የብየዳ ጭንብሉን ደፍቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ ከአሮጌው ትራክተር ኋላ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም ብረት እየበየደ ነበር። ኤሌክትሮዱ ይንጣጣል፤ ብልጭታው እንደ ተቆጣ ንብ በየአቅጣጫው ይበናል።

«አልፏል አልኩህ! ይኸው ሌላ! ይኸው ሌላ! ሞተሬ ላይ እሳት ትረጫለህ እንዴ?»

ቡሎን ጭንብሉን ገልጦ አንጋጠጠ። ታላቅ ወንድሙ ግንቡ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ግንቡ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈርተኛው ነው፤ ግዙፍ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን አንዴ እምቢ ካለ በርም መስኮትም ስለማይገኝለት ነው። ታናሹን ቡሎን ያሉት ደግሞ በሕፃንነቱ ከአባቱ የመፍቻ ሳጥን አንድ ቡሎን ሰርቆ ስለዋጠ ነው። ቡሎኑ ሲወጣ ያየ ሰው የለም። ሰማዩ በደመነ ቁጥር ሆዱ ውስጥ ስለሚዝግ ነው የሚነጫነጨው ይባላል።

«ብልጭታ ድንበር አያውቅም» አለ ቡሎን።

«የሚረጨው ሰው ግን ያውቃል። ወይስ መስመሩ አልታይ አለህ?»

መስመሩስ ይታያል። ከመሪውና ከመቀመጫው መሀል ተነስቶ፣ በትራክተሩ ሆድ ሥር ዞሮ የሚመለስ ነጭ ቀለም ነው። ትራክተሩ የአባታቸው ነበር፤ ዕድሜው እንኳ አይነሳ፣ እሱ ሲሠራ ፀሐይ ገና በክብሪት ትለኮስ ነበር። አባትየው ሲሞቱ ወንድማማቾቹ እንሽጠው ቢባሉ እምቢ፣ በጋራ ያዙት ቢባሉ እምቢ አሉ። አስታራቂዎቹ ጥርሳቸው ረግፎ ሌላ ሊያበቅሉ ትንሽ ሲቀራቸው ተስፋ ቆረጡና ብሩሽ አስመጥተው ከመሀሉ አካፈሉት። ከመሪው ወደፊት ያለው፣ ማለት ሞተሩ፣ የሞተሩ ክዳንና የፊት ጎማዎቹ የግንቡ። ከመቀመጫው ወደ ኋላ ያለው፣ ማለት ማርሹና ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች የቡሎን። እንግዲህ የተቀመጠው የራሱ ላይ ይቀመጣል፤ የሚይዘው ግን የሰው ነው።

ፍርዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንዱ ማረስ ሲፈልግ ሌላው ድርሻውን አይከልክል። ነገር ግን አንዱ በሌላው ድርሻ ላይ ምንም ነገር አይስቀል፣ አይጫን፣ አይበይድ። ይህን የኋለኛውን ያከሉት በድርድሩ መሀል ቡሎን የሞተሩ ክዳን ላይ የዶሮ ቆጥ ሲሠራ እጅ ከፍንጅ ስለተያዘ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትራክተሩ ጓሮ ቆሞ ቀረ። እያንዳንዱ ሌላው መጥቶ እስኪለምነው ሲጠብቅ ጎማው ሥር ሣር በቀለ፣ ሣሩ አረጀ፣ ሌላ ሣር በቀለ።

«አሁንም አልጨረስክም?» የቡሎን ሚስት ከቤት ወጣች። ስትራመድ መሬቱ ራሱ ጥፋተኛ ይመስል ነበር።

«አለቀ። አንድ ብየዳ ቀርቶታል።»

«ትናንትም አንድ ብየዳ ነበር የቀረው። ብየዳው ይወልዳል እንዴ?»

ሚስትየው የተቆጣችበት ነገር አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ማረሻ ነው። ቡሎን የምትታለበዋን ላም ሸጦ ገዝቶት፣ እየዘፈነ ቤት ካደረሰው በኋላ ነበር ከትራክተሩ ጋር እንደማይገጥም ያወቀው። አሮጌው ትራክተር ከኋላው ያለው አንድ መንጠቆ ብቻ ነው፤ የራሱ ጎማ ያለውን ዕቃ መጎተት እንጂ ሌላ አያውቅም። ይህ ማረሻ ግን ጎማ የለውም። በሦስት ነጥብ ካልተያዘ፣ ሁለት ክንድ ከታች አንድ ክንድ ከላይ ሆነው የእርሻው ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ብድግ ካላደረጉት፣ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ቡሎንም ባለ ሦስት ነጥብ መንጠልጠያ ራሴ እሠራለሁ ብሎ ትራክተሩ ሥር ገባ። ዝናቡ ጥሏል፤ መሬቱ ለስልሷል። ፀሐይዋ ትንሽ ከጠናች መሬቱ ጡብ ይሆናል። የኪራይ ትራክተሮቹ ደግሞ የትልልቅ መሬት ባለቤቶች ዘንድ ገብተው ቀርተዋል። ይህች ቀን ካለፈች ዘር የለም፤ ዘር ከሌለ ዓመቱ የለም።

«ድሮ ላሜ ምድር ላይ ነበረች» አለች ሚስቱ። «አሁን ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል ኑሮዬ።»

«ዛሬ ይታረሳል አልኩሽ።»

«ስማ፣ ዛሬ ያ መሬት ካልተገለበጠ ማረሻህን ለቆራሌው እሰጠውና ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት እገባለሁ። አንተ እዚሁ ብረትህን ስታልብ ትኖራለህ።»

ግንቡ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። «እውነቷን ነው። ይሄ ደግሞ ማረሻ ማንጠልጠያ ነው ወይስ ድልድይ?»

አነጋገሩ የጥላቻ ይሁን እንጂ እውነት ነበረው። ሌላ ሰው ቢሆን በመጠነኛ ብረት ይሠራው ነበር። ቡሎን ግን የታችኞቹን ክንዶች ከወደቀ የጭነት መኪና ሻንሲ ቆርጦ፣ የላይኛውን ከውሃ ጋን ማቆሚያ ነቅሎ፣ ማንሻውን የመኪና ሃይድሮሊክ ክሪክ አድርጎ፣ በመጨረሻም ለማንኛውም ብሎ ሁሉንም እንደገና በላሜራ ጠቅልሎ በይዶታል።

«ዝሆን ቢንጠለጠልበት ንቅንቅ አይልም!» አለ ደረቱን እየነፋ።

«ዝሆን ካለህ ሽጥና ላም ግዛ» አለች ሚስቱ።

እናትየው ግድግዳውን ተደግፈው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ሳይሉ፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ» አሉ። «የኔ ግን ዥንጉርጉር እንኳ አልሆነልኝም። ሁለቴ ወልዶ ሁለቴም ድንጋይ።»

የመጨረሻው ብየዳ አለቀ። ቡሎን ማረሻውን እየጎተተና እየተሳደበ አስጠግቶ ሦስቱን ፒኖች አስገባ። ገጠመ። ላቡን ጠርጎ ወደ ግንቡ ዞረ። ሞተሩ የሚነሳው ከፊት በሚገባ ማኖቬላ ነው፤ ማኖቬላው ደግሞ ግንቡ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው።

«ማኖቬላውን ስጠኝ።»

«ጋሼ በል።»

«ማኖቬላውን ስጠኝ፣ አንተ!»

«አባታችን ነፍሱን ይማረውና ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጠራ ሳያስተምርህ ነው የሄደው።» ግንቡ ከቤት አመጣና ከታናሹ እግር ጣት ጥቂት ፈንጠር አድርጎ መሬት ላይ ወረወረለት። «ፍርድ ስለማከብር ነው እንጂ... ደግሞ መሪዬን በዚያ ቅባት እጅህ እንዳትነካ። ጨርቅ ጠቅልል!»

ቡሎን ጨርቅ ጠቀለለ። ማኖቬላውን ሲያዞረው ትራክተሩ አሳለ፣ አስነጠሰ፣ ከጭስ ማውጫው አንድ የወፍ ጎጆ ከነላባው ተፋና ተነሳ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ምስሩ ከእናትየው ሰፌድ ላይ ይዘል ጀመር። ቡሎን መቀመጫው ላይ ወጥቶ ክሪኩን መታ መታ ሲያደርገው ማረሻው ከመሬት ተላቀቀ፤ ሦስቱ ክንዶች ይዘውት ቀስ እያለ አየር ላይ ወጣ።

ሚስትየው ቀረብ ብላ በማረሻውና በመሬቱ መሀል ያለውን ክፍተት አጎንብሳ አየች። ይህ ለቡሎን ከጭብጨባ ይበልጥ ነበር። ግንቡን አየት አድርጎ ፈገግ አለና ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ።

ትራክተሩ ወደፊት አልሄደም። ወደ ላይ ሄደ። ጅራቱ ከብዶት አፍንጫው ተነሳና ቁራሽ እንደሚለምን ውሻ በኋላ እግሩ ቆመ። የፊት ጎማዎቹ ሰማዩን ቧጠጡት። ቡሎን መሪውን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፤ አየር ምን ይታዘዛል? ትራክተሩ በሁለት እግሩ እየተንገዳገደ የልብስ ማድረቂያውን ገመድ በጠሰ፣ የግንቡን ሸሚዝ አጠለቀ፣ ጉዞውን ቀጠለ። ቡሎን በድንጋጤ ፍሪሲዮኑን ሲረግጠው አፍንጫው ከሰማይ እንደ ወደቀ ካዝና ድብ አለ። የቡሎን ጥርስ ተጋጭቶ ምላሱን ነከሰ።

ግንቡ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ከዚያ አጥሩን ይዞ፣ ከዚያ የሚይዘው አጥቶ መሬት ተቀምጦ ሳቀ። «ደመና ልታርስ ነው? እንዲያውም ዝናቡን ከምንጩ ታመጣልናለህ! ምስኪን ሞተሬ፣ በስተርጅናው ሰማይ አየ!»

ቡሎን ወርዶ ትራክተሩን ዞረው። የሆነው ገብቶታል። ለዝሆን የሠራው መንጠልጠያ ራሱ ዝሆን ሆኗል፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ላባ ሆነ። ፊቱን የሚጫነው ነገር ያስፈልጋል። ሳይናገር ሄዶ ሁለት ከረጢት አሸዋ ተሸክሞ መጣ።

ግንቡ ሳቁን እንደ መብራት አጠፋው። ዱላ አንስቶ ከትራክተሩ ፊት ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ከፊት ላንጠለጥለው ነው።»

«የማን ፊት?»

«ለዛሬ ብቻ...»

«አይሰቀል፣ አይጫን፣ አይበየድ። የዶሮ ቆጡንስ ለዛሬ ብቻ ነበር ያልከው?»

«መሬቱ ሊደርቅብኝ ነው! ይሄን ቆርጬ እንደገና እስክሠራ አይጠብቀኝም!»

«ታዲያ ቅቤ ቀባው። አንዲት እፍኝ አሸዋ ሞተሬ ላይ ባይ እጅህን እሰብረዋለሁ።»

«አንተ ወንድም ነህ?»

«ከመስመሩ ወዲያ አይደለሁም።»

ሚስትየው የቀረውን አልሰማችም። ወደ ቤት ገባች። ቁም ሣጥን ሲከፈት፣ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ሲጎተት ውጭ ድረስ ተሰማ። ቡሎን ከረጢቶቹን እንደ ተሸከመ ቆሞ ቀረ፤ ማውረድም መስቀልም አቃተው።

ያን ጊዜ እናትየው ሰፌዳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። የግንቡን ዱላ እንደ ሸረሪት ድር በእጃቸው ገፋ አድርገው የፊት ጎማውን ረገጡና፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ወጥተው አፍንጫው ላይ ተቀመጡ።

«እማዬ ውረጂ!» አሉ ሁለቱም።

«የማን ድርሻ ላይ ነሽ የሚለኝ ካለ ይምጣ! ሁለታችሁንም ተሸክሜያለሁ፤ ዛሬ እናንተ ተሸከሙኝ። ንዳ!»

«እማዬ እባክሽ...»

«ንዳ አልኩህ፣ አንተ ቡሎን የዋጥክ!»

ክብደት ካሉ እናትየው የላቸውም። ነፋስ የበረታ ቀን ደጅ ሲወጡ ኪሳቸው ድንጋይ ይከታሉ ይባላል። ቡሎን ይህን ያውቃል፤ ግን እናቱ «ንዳ» ብላ ያልነዳ ልጅ ከዚያ ግቢ አልወጣም። ከረጢቶቹን ጥሎ መቀመጫው ላይ ወጣና ፍሪሲዮኑን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ለቀቀ። ትራክተሩ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሁለተኛውን ወደ ላይ ሄደ።

«ወይ ጉዴ!» አሉ እናትየው ወደ ሰማይ እየወጡ።

የቡሎን እግር ፍሪሲዮኑ ላይ ደረቀ። ቢረግጠው አፍንጫው እንደ ቅድሙ ይወድቃል፣ እናቱንም ይወረውራቸዋል። ባይረግጠው ሊገለበጥ ነው። «ጋሼ!» ብሎ ጮኸ፤ መጮሁን እንኳ አላወቀም።

ግንቡ ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ያ ሁሉ ሰውነት እንዴት እንደ በረረ እግዜር ይወቀው፤ ዘሎ የፊት አክሰሉን በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለበት። ትራክተሩ አቃሰተ፣ አመነታ፣ ከዚያ ጠብቶ እንደ ጠገበ ሕፃን አንገቱን ቀስ አድርጎ ደፋ። ጎማዎቹ መሬት ነኩ።

እናትየው ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ታላቁን በኩርኩም፣ ታናሹን በምላሳቸው አሉትና ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ግንቡ ግን አልሄደም። እያለከለከ የሞተሩ ክዳን ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ቡሎን አዙሮ ተቀመጠ።

«ውረድ እንጂ» አለ ቡሎን።

«ማንን ነው ውረድ የምትለው? የራሴ ንብረት ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

«ልነዳ ነው።»

«ንዳ። ሞተሬን ወዴት እንደምትወስደው በዓይኔ ልይ። አንተ ትገለብጠዋለህ።»

«ለኔ አስበህ ነው እንዴ?»

«ላንተ? ላንተ ብዬ ካስነጠስኩ እንኳ አፍንጫዬ ይቆረጥ።»

ሚስትየው ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ትራክተሩ ሁለቱን ተሸክሞ ከግቢው ሲወጣ አየች። ሻንጣውን አላስቀመጠችም፤ ግን ደጃፉን አላለፈችም።

እርሻው ከቤቱ ኋላ ነው። ቡሎን ክሪኩን ሲለቀው ማረሻው መሬት ገባ። ሦስቱ ክንዶች ተወጠሩ፣ ጮኹ፣ ያዙ። ጥቁሩ አፈር ከኋላው እየተገለበጠ፣ እየተነነ ተከተለው። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተፋጠው ከእርሻው ጫፍ እስከ እርሻው ጫፍ ተሰዳደቡ።

«ጠማማ እያረስክ ነው!»

«ያንተ ሆድ ጋርዶኝ ነው!»

የእርሻው መጨረሻ ላይ ቦይ አለ። ዝናቡ ሞልቶት ውሃው ከጭቃው ተደባልቆ ገንፎ መስሏል። ቡሎን ማረሻውን አነሳና መታጠፍ ጀመረ። መሬት የማያባክነው መታጠፊያ በቦዩ ጠርዝ ላይ ያለው ነው፤ ጠርዙ ግን ጎርበጥባጣ ነው። ግንቡ ጀርባውን ለቦዩ ሰጥቶ፣ የሚይዘው ሳይኖረው ተቀምጧል። የፊት ጎማው ያችን ጉብታ ቢነካ፣ በዚያው ላይ ትንሽ ነዳጅ ቢጨመር፣ ግንቡ ገንፎው ውስጥ ነው። ቡሎን ይህን ሕልም መስመሩ ከተቀባ ወዲህ በእንቅልፉም በእውኑም አልሞታል፤ ጭቃው የት የት እንደሚገባ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም አያየውም። ቢያዩትም መሪው የግንቡ ነው።

እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ከቦዩ ገና ርቆ ሳለ መሪውን ጠመዘዘና በሰፊው ዞረ። ከራሱ መሬት አንድ ጥግ ሳይታረስ ኋላ ቀረ።

ግንቡ ዞሮ ጥጉን አየ። ቦዩን አላየም። «ምነው ይህን ሁሉ መሬት ጣልከው? መታጠፍ እንኳ አትችልም?»

«መሪህ ደንዳና ነው» አለ ቡሎን። «አስጠግነው።»

ማረሻውንም አወረደ።