ባለጥምጥሙ ቤቱ ሲገባ

«ጠመንጃ አይያዝለትም ብያለሁ፤ አይያዝለትም!» አለች ውባንች፣ የንፍሮውን ትሪ እንደያዘች ዳሱ መሐል ቆማ።

ለቀስተኛው ሁሉ ቀና አለ። አጎቷ ቸሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ተነሡና ክንዷን ይዘው ከሎሪ ሸራ ከተሠራው ዳስ ጀርባ ወሰዷት።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ነገ ሥልስት ነው። ጓድ አዱኛ ራሱ መሣሪያ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ የሟቹ ዕቃ ካልተያዘ ምኑን ለቅሶ ሆነ?»

«ወጉ የሟቹ ዕቃ ይያዝ ነው እንጂ የቀበሌ ዕቃ ይያዝ ነው እንዴ? ዋሴ በዕድሜው ጠመንጃ ነክቶ ያውቃል?»

«ወታደር ሆኖ ነው የሞተው።»

«ከትራክተር ላይ አውርደው ነው የወሰዱት፣ ጋሼ! ኮኪት፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ። እርስዎም ያውቃሉ!»

ቸሩ ያውቃሉ። መተማ ዮሐንስ ሁሉ ያውቃል። አምና በጥቅምት ወንድሟን አፍሰው ወሰዱት፤ ዘንድሮ በግንቦት፣ ምድሩ እንደ ምጣድ ሲግል፣ መርዶው ጎህ ሳይቀድ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዱኛ ደግሞ አሁን ጠመንጃ ገበታ ላይ አስቀምጦ፣ «ጀግናው ዋሴ» ብሎ ንግግር አድርጎ፣ እዚያው ለቅሶ ላይ የቀጣዩን ዙር ዘማቾች ስም ሊጠራ አስቧል። አይ ሰው! በሞተ ልጅ ያልሞተውን ሊያጠምድ!

«የኔም ልጅ አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አሉ ቸሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እምቢ ብንል ከማን የሚጀምር ይመስልሻል?»

ውባንች አጎቷን ትወዳቸዋለች፤ ፍርሃታቸውም የውሸት አይደለም።

«እሺ ብንልስ ይተውታል፣ ጋሼ?» አለች። ቤት ገባ ብላ ከሣጥን ሥር አንድ ጥቅል አውጥታ መጣች። ጠርዙ የተበላ፣ በጆንያ ክር የተሰፋ ወረቀት ነው። «የዋሴ ዕቃ ይኸውልዎ።»

«ይህን የልጅ ወረቀት? እውነትም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

«እንግዲያው ሁለታችንም አንለቅም» አለች፤ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ።

ነገሩ የቆየ ነው። በስልሳ ሦስት ዓ.ም. እሷ አሥር ዓመቷ፣ ዋሴ ስምንት ነበሩ። ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ሸቀጥ የሚያስመጡት ነጋዴ ሐጂ ሙሐመድጣሂር ከሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ በዓረብኛ የታተመ የሥዕል መጽሔት አግኝተው ሰጧቸው። ጥምጥሙ ከራሱ የሚበልጥ አንድ ቀጭን ሰው ከነአህያው ከገጽ ገጽ የሚንከራተትበት ታሪክ ነው። ስሙን ማንበብ ስላልቻሉ ባለጥምጥሙ አሉት። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ወይ ያ ቀለም! ቀዩ ከመስመሩ አልፎ ይፈሳል፣ ሰማዩ አረንጓዴ ነው፣ ገጹ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። አምስተኛው ግን አልመጣም። ሎሪ በመጣ ቁጥር ጉምሩኩ ድረስ ሮጠው ቆመው ጠበቁት፤ የለም። አታሚው ከስሯል አሉ ሐጂ። ዋሴ ታሪኩ እንዲገጥምለት አራተኛውን ከላይ አድርጎ አራቱን ሰፍቶ አንድ መጽሐፍ አደረጋቸው።

ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ነውና ከግራ ነበር የሚከፍቱት። ከግራ ሲከፈት ባለጥምጥሙ መጀመሪያ ላይ የፊጥኝ ታስሮ ወታደሮች ከበውታል፤ ገጹ በተገለጠ ቁጥር ይፈታል፣ ያመልጣል፣ በረሃውን ያቋርጣል፤ መጨረሻ ላይ እናቱ ደጃፍ ደርሶ አንገቱን አቅፋ ትስመዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አነበቡት። አንድ ቀን ሐጂ አይተው በሳቅ ፈነዱ።

«ወላሂ፣ ገልብጣችሁታል! ዓረብኛ ከቀኝ ነው የሚጀምር። ይኼ እናቱን ደህና ሁኚ ብሎ ሲወጣ ነው፣ ያ ደግሞ ሲያዝ። ይፈታ አይፈታ አላህ ይወቀው፤ መጽሔቱ ቆመ።»

ውባንች አለቀሰች። ዋሴ ግን መጽሐፉን ከእጃቸው መንጭቆ፣ «እርስዎ በእርስዎ ያንብቡ፤ እኛ በኛ እናነባለን። በኛ ቤቱ ይገባል!» አላቸው።

አድጎ ትራክተር ነጂ ሲሆንም ያው ነበር። ጭቃ መከላከያው ላይ ባለጥምጥሙን በጠመኔ ይሥለዋል፤ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይሥለዋል። የወሰዱት ቀን የወታደሩ መኪና ከተማ መሐል ሲያልፍ ከላይ ሆኖ የጮኸላትም ይህንኑ ነው። «ውቤ! ከግራ ነው፣ እሺ!»

በሥልስቱ ዳሱ ጢም አለ። ጓድ አዱኛ ጠመንጃውን ገበታው ላይ አጋደመና ንግግሩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ውባንች ተነሣች። መጽሐፉን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ሙሾ አወረደች፤

«ጠመንጃ ላለው ሰው ጠመንጃ ይያዝለት፣
የወንድሜ ሀብቱ ሥዕል ነው አምጡለት።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እሷ ጠመንጃውን አንሥታ ለጓድ አዱኛ አስታቀፈችው።

«ይህ የእርስዎ ነው፣ ጓድ። ወንድሜ የሰው ዕቃ አይወስድም።»

ጓድ አዱኛ መሣሪያውን እንዳቀፈ መጽሐፉን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«የባዕድ ጽሑፍ ነው ይኼ! የምን ቅስቀሳ ነው? ሐጂ፣ እርስዎ ያውቁታል። እዚሁ ሕዝብ ፊት ያንብቡልኝ!»

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ከጥጉ ተነሡ፤ አርጅተዋል። መነጽራቸውን ጠርገው መጽሐፉን ተቀበሉ። በለመደ እጃቸው ከቀኝ ሊከፍቱት ብለው ውባንችን አዩዋት። ሽማግሌው ቀስ ብለው ገለበጡትና ከግራ ከፈቱት።

«እዚህ ላይ ታስሯል» አሉ። ገለጡ። «እዚህ ተፈታ። እዚህ አመለጠ። በረሃውን አቋረጠ...» መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። «‹እናቴ ሆይ፣ ቤቴ ገባሁ› ይላል።»

አይልም። ውባንች የሚለውን ታውቃለች። ሐጂም ያውቃሉ፤ ሰባ ዓመት ቁርዓን ከቀኝ ሲያነቡ ኖረው ዛሬ ሕዝብ ፊት ገልብጠው አነበቡ።

«ወይኔ ዋሴ! ወይኔ የኔ ሠዓሊ!» ብሎ የጮኸ ሰው ነበር። ቸሩ ናቸው፣ ደረታቸውን እየመቱ። ዳሱ ተከትሏቸው በለቅሶ ቀለጠ። ጓድ አዱኛ ሁለቴ አፉን ከፈተ፤ ማን ይስማው? ንግግሩ ከነስም ዝርዝሩ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ነገ በቢሮው ሊጠራቸው ይችላል፤ ዛሬ ግን ጠመንጃውን ታቅፎ ወጣ።

የዋሴና የውባንች እናት ታንጉ ከመርዶው ጀምሮ አልተናገረችም፣ አላለቀሰችም። አሁን እጇን ዘረጋች። ውባንች መጽሐፉን በዚያው በመጨረሻው ገጽ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ታንጉ አቧራ የለበሰውን ሰውዬ፣ የምትስመውንም ሴትዮ ብዙ አየች። ከሸራው ቀዳዳ የወረደው የቀትር ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፏል። የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ከፀሐዩ ጋረደችው።

«ደክሞት ነው የመጣ» አለች።