የቦቃ የመጨረሻ ጠብታ

፩

ወይ ይሠራበታል ወይ ይደፋል።

ፀዳለ ቱቦውን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ አየችውና ቶሎ ብላ በረዶው ውስጥ መለሰችው። ቢሾፍቱ ያለው አሮጌ ላብራቶሪ ሊዘጋ፣ ማቀዝቀዣውም ሊነቀል ነው። ውስጡ የቀረው የአንዲት ጥንቸል ሴረም፣ ከደሟ የተጣራው ውሃ፣ ለአንድ ሙከራ ቢበቃ ነው።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ሳይንስ መጣ ብለህ ገጹን እንዳትዘጋ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኩላሊትን «ውሃ ቆጥብ» ብላ የምታዝ ሆርሞን አለች። ትእዛዟን የምታደርሰው ሴሉ ላይ ያለ ተቀባይ ላይ ተቀምጣ ነው። የትኛው ጎኑ ላይ እንደምትቀመጥ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከተቀባዩ አንድ ቁራጭ ወስደህ ጥንቸል ትወጋለህ። የጥንቸሏ ደም ያንን ቁራጭ እየፈለገ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ይሠራል። አንቲቦዲው ተጣብቆ ሆርሞኗ መቀመጫ ካጣች ቦታዋ ተገኘ።

ወይም የተገኘ ይመስልሃል።

፫

ያኔ ከላብራቶሪው ጀርባ የጥንቸል ቤት ነበር። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ልሣነወርቅ፣ ፀዳለ ጋሽ ልሣኑ የምትላቸው፣ ለጥንቸሎቹ ሁሉ ስም ያወጡላቸው ነበር።* ቦቃ የተባለችው ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ነው። ጎመን ከእሳቸው እጅ ካልሆነ አትበላም። ፀዳለ ልትመግባት ስትሞክር ጀርባዋን ትሰጣታለች፤ ጋሽ ልሣኑ ደግሞ በዚህ ቀኑን ሙሉ ሲስቁባት ይውላሉ።

የተቀባዩን ካርታ የሳሉት በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ነበር። አንድ ጥንቸል፣ አንድ ቦታ። ምሳቸውን ካርታው ሥር ቁጭ ብለው እየተከራከሩ ይበላሉ። ደግ ዘመን ነበር። እንዲህ ሲባል ሰው ይስቃል፤ ግን ነበር።

* ጥንቸል በቁጥር ብቻ ይጠራ የሚል ደንብ ነበር። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

፬

የቦቃ አንቲቦዲ ሆርሞኗን አላስቀምጥ አለ። ጋሽ ልሣኑ ካርታው ላይ ቦታውን በቀይ እርሳስ ምልክት አደረጉበትና «እዚህ ናት» አሉ።

ፀዳለ አልተዋጠላትም። አንቲቦዲ ከሆርሞኗ ጋር ሲተያይ ግዙፍ ነው፤ ሚኒባስ በር ላይ እንደቆመ ወፍራም ሰው ወንበሩን ሳይዝ መንገዱን ብቻ ዘግቶ ሊሆን ይችላል አለቻቸው። አኮረፏት። ሲታረቁም ሙከራውን እንሥራው ባለች ቁጥር ሴረሙ እንዳያልቅ እየሳሱ «ነገ» ይሏታል። ቦቃ ሞተች። እሳቸውም ጡረታ ወጡ፣ ናዝሬት ልጃቸው ቤት ገቡ። ቀዩ ምልክት እንዳለ ቀረ።

፭

አሠራር፦

ሴረሙን ለሁለት ክፈል። ግማሹን እንዳለ ተወው። ግማሹን ከፓፓያ በሚወጣው ኢንዛይም ቁረጠው፤ ግዙፉ አካል ይወድቅና የሚጣበቀው ጫፍ ብቻ ይቀራል። ይህ ትንሹም ሆርሞኗን ከከለከላት ጋሽ ልሣኑ ልክ ናቸው። ሆርሞኗ ከተቀመጠች ፀዳለ ልክ ናት።

ድጋሚ የለም።

፮

በስልክ። ልጃቸው አስቀድማ ልባቸው እንደደከመና መናደድ እንደተከለከሉ ሹክ ብላታለች።

እሳቸው፦ ምን ትጠብቂያለሽ? ሥሪበት እንጂ።

እሷ፦ ያልቃል እኮ ጋሼ። ከቦቃ የቀረን ሌላ የለም።

እሳቸው፦ ይለቅ። ሳስቼለት ምን ተረፈኝ?

እሷ፦ እርስዎ ካሉ እሺ።

እሳቸው፦ ስሚ። ልክ ከሆንኩ አትደውዪ፤ እኔ መቼም አውቀዋለሁ። ከተሳሳትኩ ግን የውጤቱ ፊልም የወጣ ዕለት ደውዪ። ማርያምን በይ።

እሷ፦ ማርያምን።

፯

ቆረጠችው። ጫፉ አሁንም እንደሚጣበቅ አረጋገጠች። ጨረር የተቀባችውን ሆርሞን ከስስ የኩላሊት ቁራጮች ጋር አገናኘችና ቁራጮቹን ፊልም ላይ አስተኛቻቸው። ሆርሞኗ የተቀመጠችበት ቁራጭ ፊልሙን ያጠቁረዋል።

ፊልሙ እስኪደርስ ድረስ ባዶውን የጥንቸል ቤት እየዞረች ታያለች። ጋሽ ልሣኑ ናፈቋት፤ ኩርፊያቸው ሳይቀር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በክርክር መሸነፍ አማራት፤ ለዚህም ራሷን ታዘበችው።

፰

ፊልሙ፦

ሆርሞን ብቻ          ■

ከሙሉው አንቲቦዲ ጋር     □

ከተቆረጠው ጋር         ■

ሆርሞኗ ተቀምጣለች። የቦቃ አንቲቦዲ መንገድ ዘግቶ ነበር እንጂ ቦታውን አልያዘም።

አሸነፈች።

በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

፱

ደራሲው እዚህ ላይ ቢያቆም ይወድ ነበር። ዝም ብትል እኮ ሰውየው ካርታቸው ልክ እንደሆነ አምነው ያርፋሉ። እሷም አንዲት የውሸት ቃል አትናገርም። ማን ይጎዳል?

ለልጃቸው ደወለች፤ እንዴት ዋሉ ለማለት ያህል።

ልጃቸው ስልኩን ከእጃቸው አልለይ እንዳሉ ነገረቻት። በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። አንስተው ፀዳለ አለመሆኗን ሲያውቁ ደግሞ ይከፋቸዋል።

፲

እሳቸው፦ ፀዱ።

እሷ፦ ጋሼ።

እሳቸው፦ ደወልሽ።

እሷ፦ ማርያምን ብዬ የለ።