የቅዳሜው ሳውና

ኬርቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። የሌሊትና የቀን ሠራተኞችን ልብ ያነጻጸረችበትን ጽሑፍ ለሳይንስ መጽሔት የገመገመው ሰው ስሙን ሳይገልጽ አሥራ አንድ ጥያቄ ልኮላታል። የልብ ምት መለዋወጥን የሚያጠና ሰው የለካበትን ሁኔታ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት፤ ተለኪው ተኝቶ ነበር ወይስ ተቀምጦ፣ ለስንት ደቂቃ ተለካ፣ ስንት የተበላሸ ምት ታረመ። ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ክው አደረጋት፦ ተለኪዎቹ ከልኬቱ ዋዜማ ጀምሮ ከባድ ሙቀት ውስጥ ገብተው ነበር?

ልኬቱ ሁሌም እሁድ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ ማታ ደግሞ በኦውሉ ከተማ ሳውና፣ ያ የእንጨት የሙቀት ክፍል፣ የማይገባ ማን አለ? ፊትህን ታጥበሃል ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ስለሚቆጠር ቅጹ ላይ አላስገባችውም። የሌሊት ሠራተኞችን ልብ ከቀን ሠራተኞች ልብ የለየው ሥራቸው ሳይሆን ሳውናው ከሆነስ? የአራት ዓመት ልፋቷ፣ ዶክትሬቷም አብሮ፣ ገደል መግባቱ ነው።

"ምነው አመድ መሰልሽ?" አለች መለኪያውን ደረት ላይ የምትለጥፈው ነርስ አይሊ፣ በሩን ገፋ አድርጋ።

"ጉድ ሆነናል አይሊ። ማን ሳውና እንደገባ አልጠየቅንም።"

"አንቺ አልጠየቅሽም። እኔ ጠይቄያለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ሰው ደረት ላይ ቀዝቃዛ ነገር እየለጠፍኩ አፌን ልዝጋ እንዴ? 'የትላንቱ ሙቀት እንዴት ነበር?' እላለሁ። ስንቴ ነው 'ወሬ ቀንሺ፣ ልባቸውን ትረብሺብኛለሽ' ያልሽኝ?"

አይሊ ከራሷ መሳቢያ ሰማያዊ ደብተር አወጣች። ዘጠና ስድስቱም ተለኪዎች ሳውና የገቡበት ሰዓት ተጽፏል።

"ቁጥር አርባ ሁለት፣" አነበበች ኬርቱ፣ "ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገባ፣ የእንጨት ምድጃ፣ አንድ ቢራ... 'ውሸቱን ነው' የሚለው ምንድን ነው?"

"ሚስቱ አራት ቢራ ነው ብላኛለች።"

ሙሉ ቀን ቁጥር ሲያስገቡ ዋሉ። ሳውና የገቡት በሁለቱም ወገን እኩል ለእኩል ሆኑ። አምሽተው የገቡትን አውጥታ እንደገና ስታሰላው ልዩነቱ ትንሽ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ኬርቱ እፎይ ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

ከዚያ መልሱን ጻፈች፣ ጽሑፉንም አረመች። አይሊ ከትከሻዋ በላይ አጮልቃ ስታነብ፣ ከርዕሱ ሥር ከኬርቱ ስም ቀጥሎ የራሷን ስም አየችው።

"እኔ ደግሞ እዚህ ምን እሠራለሁ?"

"ልኬቱ እንዴት እንደተሠራ ሳይደብቁ መጻፍ ግዴታ ነው። የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።"

አይሊ ሰማያዊውን ደብተር አንስታ ቁጥር አርባ ሁለት ላይ ገለጠችው። "እንግዲያው የሰውየውንም ቢራ አራት ብለሽ ጻፊ፣" አለች።