ለሁለት ሳምንት ኑሯችሁን አትለውጡ

ኮምፒውተሩ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ብሎ ሲያወጣላት ተማሪዋ ከወንበሯ ተነስታ ብቻዋን ጨፈረች። ለሦስተኛ ዲግሪዋ ያዘጋጀችው የብቸኝነት መጠይቅ ፈተናውን አለፈ ማለት ነዋ። ዛሬ አንድ ኪሎ ያለውን ስኳር ነገ ሁለት ኪሎ የሚል ሚዛን ሚዛን አይባልም፤ መጠይቅም እንደዚያው ነው። ዛሬ «ብቸኛ ነኝ» ያለ ሰው፣ ኑሮው እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ያንኑ መመለስ አለበት። ሁለቱ ዙሮች በተመሳሰሉ መጠን ቁጥሩ ወደ አንድ ይጠጋል። የእሷ ደግሞ አንድን ሊስመው ምንም አልቀረውም።

ደስታዋ የቆየው እስከ አማካሪዋ ቢሮ ድረስ ነበር። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አዩ።

«ይሄ የሰው መልስ አይደለም» አሏት። «በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱን ጥርሱን ያመዋል፣ አንዱ ከልጁ ጋር ይጣላል፣ አንዱ ጥያቄውን በቅጡ አያነብም። የሰው መልስ ትንሽ ይዛነፋል። የአንቺዎቹ ግን ፎቶ ኮፒ ናቸው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሁለተኛውን ዙር ራስሽ ቁጭ ብለሽ ሞልተሽው ከሆነ እዚህ ግቢ አብቅቶልሻል። ካልሆነ እስከ ሰኞ አስረጂኝ።»

ክው አለች። እሷ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነካችም፤ ግን ማን ያምናታል? የስንት ዓመት ልፋቷ በአንድ ሰኞ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መጠይቁ ወደተሞላበት ጤና ጣቢያ በረረች።

መላሾቿ ለደም ግፊት ክትትል የሚመላለሱ ጡረተኞች ናቸው። የተሰጣት ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር አንዱ ገብቶ ሲሞላ ሌሎቹ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። አንድ ሰው ሲጎድልባት አባቷን ጨመረች። ከእሷ ጋር ስለሚኖር ብቸኝነት የማያውቅ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ያሳየኛል ብላ ነው። በሳይንስ አነጋገር፣ ማመሳከሪያዋ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ከክፍሉ ውስጥ ጣሪያ የሚነቅል ሳቅ ሰማች። በሩን ከፈተችው። ካርታ ተበትኗል፣ ሰው ጠረጴዛውን ከቧል፣ አባቷ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ሲያዩዋት ካርታው በየኪሱ ገባ፤ ወንበሮች ወደየማዕዘኑ ተጎተቱ። ሁሉም ፊታቸውን አጨፍግገው ብቸኛ ሆኑ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

ጡረተኛው ሾፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዶክተርዬ፣ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ለሁለት ሳምንት ኑሯችሁን አትለውጡ፣ ከለወጣችሁ ሥራዬ ይበላሻል ያልሽን?»

እውነትም ብላለች። ኑሯችሁ ከተለወጠ ንገሩኝ ማለት ሲገባት፣ አትለውጡ ብላ አዛለች።

«ታዲያ እኛ ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ተዋወቅንልሽ» አሉ ሾፌሩ በጥፋተኛ ድምፅ። «በማግስቱ ካርታ ጀመርን። ብቸኝነቱ እንዳለ ጠፋ። ልጅቷ በእኛ ምክንያት ልትወድቅ ነው ብለን ተጨነቅን። በኋላ የድሮ መልሳችንን እያስታወስን አጠናን።»

«እኔ ነበርኩ የማስጠናቸው» አሉ ከጡረተኞቹ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በኩራት። «የተሳሳተ ሰው ከቁጥር አንድ ይጀምራል። ምኑ ቅጡ፣ ቀለበቱን እንኳ ለአንቺ ስንል አዘገየነው።»

«የምን ቀለበት?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ አባቷ ዞሩ። አባቷ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አባዬ?»

«እስክትመረቂ ብለን ነው እንጂ...» አለ ጣሪያውን እያየ።

ሳቅ አፈናት። ያዝ ለቀቅ አደረጋት፤ ከዚያ መላው ክፍል አብሯት በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እንባዋን እየጠረገች፣ «ቆይ፣ አንተ ደግሞ ምን የምታጠናው ነገር አለህ? አንተ እኮ ብቸኛ አልነበርክም» አለችው።

አባቷ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ በቃሉ ወጣው፦ «ቁጥር አምስት። የሚያዋየኝ ሰው የለኝም። ሁልጊዜ።»

«ይሄንን ውሸት ነው ያጠናኸው?»

«ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ውሸት የሆነው ልጄ» አላት ቅር ሳይለው። «መጀመሪያ ስሞላውማ እውነት ነበር።»

ማታ ማታ ከኮምፒውተሯ ጋር ክፍሏ ትገባለች፤ አባቷ አፉን ሊከፍት ሲል «አባዬ ትንሽ ጸጥ በልልኝ፣ ስለ ብቸኝነት እያነበብኩ ነው» ትለዋለች። ማመሳከሪያዋ በአንድ ግድግዳ ልዩነት ተቀምጦ ሁልጊዜ ብሎ ሞልቶላታል። መጠይቋ ያየውን እሷ አላየችም። አፈረች፤ አዘነች፤ ደግሞ የተተኮሰውን ሸሚዝ ስታይ እንደገና ደስ አላት።

ስልኳን አውጥታ ፕሮፌሰሩ ጋር ደወለች። «እኔ አልሞላሁትም» አለቻቸው። «ግን መልሱ ውሸት ነው። ሰዎቹ ደስተኛ ሆነውብኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ሰኞ ይዣቸው እመጣለሁ፣ ራሳቸው ይንገሩዎት።»

ከወዲያ የታፈነ ሳቅ መጣ። «ከሌሎች ሰዎች ጋር እንደገና ትጀምሪያለሽ። ምረቃሽም ለከርሞ ይተላለፋል።»

«ይተላለፍ» ብላ ዘጋችው።

ክፍሉ በሙሉ ያያታል። ከማዕዘን አንድ ወንበር ጎትታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሥራ የለብሽም እንዴ?» አላት እየሰጋ።

«ምንም የለብኝም። በል ንገረኝ፣ ከየት ነው የተጀመረው?»

ሰዓቱን ቢያይም ዓይኑን መልሶ እሷ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ ስታየው ኖራ እንዲህ ብዙ እንደሚያወራ አታውቅም ነበር።