ስድስት ዓመት ያልደከመች

«ነገ ከሰዓት በኋላ ሁለት ቃል ቢናገሩልን ብለን ነበር» አለ ወንጌላዊ ኤርሚያስ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ በርከክ ብሎ።

ታቢታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ባሏን ሽበሺን የቀበረችው ትናንት ነው። ውጭ የሐምሌ ዝናብ የእድሩን ድንኳን ይደበድባል፤ ወንዶቹ ከሚያፈሰው ጥግ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሲሸሹ ይሰማል።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«ያሳለፉትን ነዋ፣ እህት ታቢታ። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲያስታምሙ አንድ ቀን ሲያማርሩ የሰማዎት የለም። ተስፋ ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው ከእርስዎ ነው። በችግር ውስጥ ያለ ስንት ሰው አለ፤ ይጽናናበታል።»

ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። «እውነት ነው፣ ስድስት ዓመት ያልደከመች» አለች አንዷ። ታቢታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ልታለቅስ ነው ብለው ዝም አሉላት። እሷ ግን ፊቷ በእፍረት ሲግል እንዳያዩባት ነበር።

«እሺ» አለች ከነጠላው ሥር፣ ሰውየው እንዲነሣላት ብላ።

ሽበሺ የሂሳብ መምህር ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ሃያ ዓመት አስተምሯል፤ ከመሃል ከተማ በባጃጅ እየተጫኑ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ ከመጡት ልቅሶ ደራሾች ግማሾቹ ተማሪዎቹ የነበሩ ናቸው። ትምህርቱ ያልገባው ልጅ ሲያጋጥመው «ችግሩ ያንተ አይደለም፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳሁህ» የሚል ሰው ነበር። በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሳለ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ራሱም ወደቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ቃልም አይወጣውም።

በመጀመሪያው ዓመት ታቢታ ይነሣል ብላ በእርግጠኝነት ታምን ነበር። ቤቱ በጸሎተኛ ይሞላል። ለፋሲካ በእግሩ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ይገባል ብላ ኮቱን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቀለችው። ፋሲካ አለፈ። በሁለተኛውም ዓመት ተኮሰችው። በሦስተኛው ዓመት ኮቱን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ጎብኚውም እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚመጡት ከኤርሚያስና ከሦስት ሴቶች በቀር በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ጌታ ይመስገን፣ እየረዳኝ ነው» ትላለች። ይህን ለማለት ማሰብ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ አንሶላውን ቀይራለት ገና ዞር ሳትል አበላሸው። በዚያ ቀን ሦስተኛው ነበር። ወገቧን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ምነው እግዜር ቢወስድህ» አለችው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ወስዶህ ሁለታችንም ብናርፍ። እሱም አይሰማ፣ አንተም አትነሣ። እኔ ሰለቸኝ።»

ሽበሺ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። ሐኪሙ «የሚባለውን ሁሉ ላይረዳ ይችላል» ካለ ወዲህ፣ እፊቱ እንዳሻት መናገር ለምዳለች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ፊቱን መለሰና አያት። ከዚያ በደኅናው እጁ የራሰውን አንሶላ ከሥሩ ለመሳብ መታገል ጀመረ። ሊያግዛት ነበር።

ቢያለቅስ ይሻላት ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጸሎተኞቹ እጃቸውን ሊጭኑበት ሲሉ፣ ሽበሺ የኤርሚያስን እጅ ገፋ አደረገና በጣቱ ወደ ታቢታ ጠቆመ። «ለሚስቴ ጸልዩልኝ ማለቱ ነው» አለ ኤርሚያስ ልቡ ተነክቶ። አንበርክከው ጸለዩላት። ከዚያ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ሁሉ ሽበሺ እንዲሁ አደረገ። ሴቶቹ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው» እያሉ ለሰፈሩ ያወሩታል። ታቢታ ግን ጣቱ የሚከሳት መሰላት፤ ያለችኝን ጠይቋት የሚላቸው መሰላት። አንገቷን ደፍታ አሜን ትላለች። ከልቧ አንዲት የጸሎት ቃል አትወጣም ነበር።

ሽበሺ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባራ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ወንበር ያልበቃቸው አጥሩ ሥር ቆሙ። ልጇ ኢያኤል የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ መሀል ተቀምጣ እናቷን ታያለች። መዝሙር ተዘመረ፣ ቃል ተነበበ። ከዚያ ኤርሚያስ ተነሥቶ ስለ ሽበሺ ተናገረ፤ በደርግ ጊዜ ስለ እምነቱ አሥራ አራት ወር ታስሮ ሳይናወጥ እንደወጣ፣ በሽታውንም በዚያው ጽናት እንደቻለ። «አጠገቡም እንደሱ የጸናች ሚስት ተሰጥታው ነበር» አለና እጁን ወደ ታቢታ ዘረጋ።

ታቢታ ተነሣች። ጠዋት እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ነበር። የሐሙሱን ብቻ ሳይሆን የቅዳሜውንም።

ቅዳሜ ጠዋት አጥሚት ይዛለት ስትገባ ሽበሺ አይተነፍስም ነበር። እጁን ነካችው፤ ቀዝቅዟል። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ዛሬ አንሶላ አላጥብም» የሚል ነው። ከዚያ፣ ርቧት ነበርና፣ እዚያው እንደቆመች አጥሚቱን ጠጣችው። ጨርሳ። ኢያኤልን የጠራቻት ብርጭቆውን ካስቀመጠች በኋላ ነው።

ሁለት መቶ ሰው ያያታል። ኢያኤልም ታያታለች።

«ሽበሺ ደግ ሰው ነበር» አለች። «ስለመጣችሁ ጌታ ይባርካችሁ።» ተቀመጠች።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች በሲዳምኛ ሹክ ተባባሉ። «ትሕትናዋን አየሽ» አለች ሌላ ሴት በአማርኛ። ታቢታ ጆሮዋን ብትደፍን በወደደች። ለመናገር አንድ ዕድል ነበራት፤ እሱንም ሸሸችው።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ ጓዳ ገባች። ጎረቤቷ ብርሃነሽ እዚያ ቁጭ ብላ የለቀስተኛውን ብርጭቆ ታጥባለች። ብርሃነሽ ኦርቶዶክስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ለየቅል ቢሆንም አጥራቸው አንድ ነው። እናቷ እማማ ገበያነሽ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተኙ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከብርሃነሽ ሌላ የሚያነሣቸው የለም።

«እትዬ ታቢታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» ብርሃነሽ እጇን ከውሃው አላወጣችም። «ትናገሪያለሽ ሲሉ ሰምቼ ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ ነበር። ሚስጥሩን ትነግረናለች ብዬ። አንቺ ግን ቶሎ ተቀመጥሽ።»

«የምን ሚስጥር?»

«እንዴት እንደቻልሽው ነዋ።» ድምፅዋ ወረደ። «እኔ ክፉ ሰው ሆኛለሁ። ባለፈው እናቴን ሳገላብጣት ‹ምናለ ብትሞችልኝ› ብዬ አሰብኩ። እናቴን እኮ ነው። ንስሐ አባቴ ሲመጡ እንኳ ለሳቸው መናገር አፈርኩ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ባዶዬን ነው የምመለሰው።»

ታቢታ «ጌታ ነው የረዳኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ የብርሃነሽ እጅ ላይ ዐረፈ። በበረኪና ብዛት ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። የራሷም እንዲሁ ናቸው።

«አልቻልኩትም» አለች።

በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ሁሉንም ነገረቻት። ኮቱን፣ ሐሙስን፣ የማክሰኞውን ጣት፣ አጥሚቱን። ወለሉን እያየች ነው የተናገረችው። ስትጨርስ ብርሃነሽ ተነሥታ ትሄዳለች ብላ ጠብቃ ነበር። አልሄደችም።

«በአፍሽ አልሽው?»

«በአፌ።»

«እሳቸውም ሰሙሽ?»

«ሰማኝ።»

ብርሃነሽ አንድ ብርጭቆ አለቅልቃ ደፋች። «እሳቸው መቼም እስር ቤት እንኳ ያልተናወጡ ሰው ናቸው» አለች። «አንደበት ቢኖራቸው ምን ይሉሽ ነበር?»

«ተናውጦ ነበር» አለች ታቢታ። «ሰው አያውቅም። በተጋባን በዓመቱ ነው የነገረኝ። በሰባተኛው ወር መጸለይ አቃተው። ክጄአለሁ ብዬ ፈርሜ ልውጣ ብሎ ቆርጦ ነበር። አብሮት የታሰረ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበር፤ ለሱ ነገረው። ሽማግሌው አልተቆጣውም። ‹አንተ ዕረፍ። እስክትመለስ እኔ አምንልሃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ስምህን እጠራለሁ› አለው። ሽበሺ ስለ ጽናቱ ሲያወሩለት ያፍር ነበር። ‹ተስፋዬን እኔ አልያዝኩትም፣ ሰው ነው የያዘልኝ፤ እኔም አንድ ቀን ለሌላ ሰው...›»

ቀጥ አለች።



«ጣቱ» አለች ታቢታ። «ዓመት ሙሉ የሚከሰኝ መስሎኝ፤ ለካ ተስፋዋን ያዙላት ማለቱ ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣው ልቅሶ አሁን መጣ። ድምፅዋ ወደ ድንኳኑ እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ብርሃነሽ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትከሻዋን ያዘቻት።

«አሁንስ መጸለይ ትችያለሽ?» አለች ብርሃነሽ።

«ለራሴ አፍሬያለሁ። በምን ፊቴ ቀና ብዬ አየዋለሁ?» ታቢታ ፊቷን ጠረገች። «ላንቺ ግን የምችል ይመስለኛል።»

ብርሃነሽ ማዕተቧን ያዘች። ታቢታ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ» አለች፣ «ብርሃነሽ ደክሟታል። እናቷም ደክሟቸዋል። አንተ ታውቃለህ። አትተዋቸው። እሷ እስኪሆንላት እኔ በሷ ፈንታ እለምንሃለሁ።» ሌላ ቃል አልመጣላትም። እፍረቱም አልለቀቃትም፤ ከነእፍረቷ ነበር የጸለየችው።

በማግስቱ ጠዋት እድርተኞቹ ድንኳኑን አፍርሰው ሸራውን አጠፉ። ታቢታ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውጭ ስትወጣ ኢያኤል ደንግጣ ተነሣች።

«እማዬ፣ ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«እብርሃነሽ ቤት ነኝ፤ አልቆይም። ስመለስ ቁጭ ብለን የምነግርሽ ነገር አለ። ስለ አባትሽ። ስለ እኔም።»

እማማ ገበያነሽ ጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተኝተዋል። ብርሃነሽ አዲስ አንሶላ ይዛ ከግርጌ ቆማለች።

«በራስጌ በኩል እኔ ልያዛቸው» አለች ታቢታ። አንድ እጇን በትከሻቸው፣ ሌላውን በወገባቸው ሥር ሰደደች። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ አነሣች። አሮጊቷ ምንም አይከብዱም ነበር። ክንዷ ለሽበሺ ክብደት ተዘጋጅቶ ኖሮ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ አደረገቻቸው።

ብርሃነሽ አሮጌውን አንሶላ ሳበች፣ አዲሱን አነጠፈች፣ ጫፉን በፍራሹ ሥር ከተተች። «በቃ እትዬ ታቢታ፣ አስተኚያት» አለች።

ታቢታ ግን አሮጊቷን ደረቷ ላይ እንዳስደገፈች፣ ክንዷ የለመደውን ክብደት እስኪያገኝ እየጠበቀች ቆመች።